50 ኤፍ 1.8 ሌንስ ገዝቼ ፎቶዬ ሁሉ ብዥ አለብኝ፤ ችግሩ የሌንሱ ነው የእኔ?

ጅሬን ላይ
ሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከጅማ ነው። ካሜራዬ ካኖን 1300ዲ ሲሆን ሁለት ዓመት ሙሉ አብሮት በመጣው 18-55 ሌንስ ነው የሠራሁት። እናቴ ቡና የምታፈላው ማታ ማታ ነው። በዚያ ሌንስ ሳነሳት ወይ ፍላሹ ይበራና የቤቱን መልክ ያጠፋዋል፣ ወይ እጇ ሲንቀሳቀስ ይሰመርብኛል። ስለዚህ አምስት ወር አጠራቅሜ ያገለገለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስ ቲ ኤም ገዛሁ።

ትናንት እሁድ ከ200 በላይ ፎቶ አነሳሁበት። ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ ሳየው በጣም አዘንኩ። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ቆንጆ የነበረው ሁሉ ሲጎላ ብዥ ይላል። አንዱን ልንገራችሁ፦ እናቴ ጀበናውን አዘንብላ እየቀዳች ነው። የጀበናው እጀታ ላይ ያለው ጭረት አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ፊቷ ግን ከጭስ ጀርባ ያለ ይመስላል። ሌላው ላይ የነጠላዋ ጥለት ጠርቶ ዓይኗ ጠፍቷል። ከሁሉም ደህና የወጣው ሃያ ቢሆን ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ሊመረቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ፎቶውን የማነሳው እኔ ነኝ፣ ለቤተሰብ ቃል ገብቻለሁ። ሌንሱ ተበላሽቶ ከሆነ ከአሁኑ ልወቀው፤ ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ደግሞ ልማር። የምታውቁ እርዱኝ።


መሐል ነጥብ
ሰኞ፣ ማታ 3፡42

አይዞህ ወንድሜ። ሰርግ ማንሳት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እኔም በመጀመሪያው 50ዬ ያነሳሁት የመጀመሪያ ሰርግ ላይ የሙሽራዋ ጉትቻ ጠርቶ ፊቷ ብዥ ብሎብኝ አልቅሻለሁ። ሌንሱን ከመጠርጠርህ በፊት እነዚህን ንገረኝ። ሹተሩ (ብርሃን የሚገባበት የሰከንድ ክፍልፋይ) ስንት ነበር? የፎከስ ነጥቡን የመረጥከው አንተ ነህ ወይስ ካሜራው? ከእናትህ ምን ያህል ርቀህ ነበር? አፐርቸሩስ (የሌንሱ ክፍተት፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ክፍተቱ ይሰፋል) ሁሌ 1.8 ላይ ነበር? ኮምፒውተሩ ላይ የፎቶውን ዝርዝር ብትከፍት ከርቀቱ በቀር አብዛኛው ተጽፎ ታገኘዋለህ።


ጅሬን ላይ
ሰኞ፣ ማታ 4፡05

እህቴ አመሰግናለሁ፣ አሁን አየሁት። ሁሉም 1.8 ነው፤ ለዚያ አይደል የገዛሁት ብዬ አልነካሁትም። ሹተሩ አብዛኛው 1/40፣ አንዳንዱ 1/30 ነው። አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ራሱ መርጦ 1600። ነጥቡንም ካሜራው ነው የሚመርጠው፣ ዘጠኙም ክፍት ናቸው። ርቀቱ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ ከረከቦቱ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር።


አወይቱ ዳር
ሰኞ፣ ማታ 4፡31

የምህንድስና ተማሪ ነኝ፣ ሒሳቡን ልሥራልህ። በአንተ ካሜራ፣ በ50 ሌንስ፣ 1.5 ሜትር ላይ፣ በኤፍ 1.8 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ከፊትም ከኋላም ተደምሮ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ያለው ርቀት እንኳ ከዚህ ይበልጣል። እናትህ ስትቀዳ ጀበናው ከፊቷ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ አንተ ቀርቦ ነው የሚሆነው። ዘጠኙ ነጥብ ክፍት ሲሆን ደግሞ ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ቅርብ ያለውንና ጎላ ያለ መስመር ያለውን ነገር ነው። ስለዚህ እጀታውን ያዘ። የነጠላው ጥለትም እንዲሁ ነው፤ ጥለት ማለት ለፎከስ የተሠራ መስመር ነው ማለት ይቻላል። ሌንስህ ታዲያ ጀበናውን ያን ያህል አጥርቶ ካነሳ መስተዋቱ ደህና ነው።

በዚያው ርቀት ኤፍ 2.8 ብታደርገው ጥልቀቱ 9 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ኤፍ 4 ብታደርገው ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ወይም አፐርቸሩን ሳትነካ ወደ ኋላ ሂድ፦ 3 ሜትር ላይ በ1.8 ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ታገኛለህ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥልቀቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ ቁጥሩን ይዞ ይጨነቃል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ግን ከአፐርቸሩ ያልተናነሰ ሥራ ይሠራል።

ሹተሩም ችግር አለበት። ካሜራህ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አነስተኛ ስለሆነ 50ው በ1.6 ተባዝቶ እንደ 80 ነው የሚያየው። ሌንሱ ማረጋጊያ የለውም። የአንተ የእጅ መንቀጥቀጥ እንዳይታይ ብቻ 1/80 እና ከዚያ በላይ ያስፈልግሃል። እናትህ ደግሞ እየቀዳች ነው፣ እጇ ይሄዳል፤ እሷን ለማስቆም 1/160 ወይም 1/200 በል።


ጨለማ ክፍል
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ልጄ፣ እንደምን አደርክ። ጅማ ውስጥ በፎቶ ቤት ሥራ ረጅም ዘመን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። በእኛ ጊዜ 50 ሌንስ ተለይቶ የሚገዛ አልነበረም፤ ካሜራው ሲገዛ አብሮት የሚመጣው እሱ ነበር። 36 ፖዝ ብቻ ስላለህ፣ የፊልሙም የብርሃን ስሜት 100 ኤ ኤስ ኤ ብቻ ስለሆነ፣ እያንዳንዷን ከመጫንህ በፊት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ትፈልጋለህ። አንተ ግን ብርሃን ሳትፈልግ ሌንስ ነው የፈለግከው፤ ልጄ አትቀየመኝ።

በሩ ሰፊ ነው ተብሎ ሁልጊዜ ወለል ብሎ አይታደርም። 1.8ን የምትከፍተው ሲጨልምብህ፣ ወይም ከኋላ ያለውን ነገር ልታጠፋ ስትፈልግ ነው። እናትህ ማታ ከምታፈላ በቅዳሜ ጠዋት አንድ ጊዜ እንድታፈላልህ ለምናት። መስኮት አጠገብ፣ መስኮቱ በጎኗ ሆኖ፣ የጣሪያውን አምፖል አጥፍተህ። ከጣሪያ የሚወርድ መብራት የዓይንን ጉድጓድ ያጨልማል፣ ፎከሱም ዓይን ላይ የሚይዘው ነገር ያጣል። የጎን ብርሃን ሲያገኛት ግን ዓይኗ ውስጥ መስኮቱ ራሱ ይታያል፤ ካሜራህም እሱን ይይዛል።

አያያዝህንም አስተካክል። ሁለቱን ክርን ከጎድንህ ጋር አጣብቅ፣ የግራ መዳፍህ ከሌንሱ ሥር ይሁን፣ ትንፋሽህን አስወጥተህ ስትጨርስ ተጫን። አንድ ብቻ አታንሳ፣ ሦስት አከታትል። የመጀመሪያው ጣትህ ሲጫን ይነቀነቃል፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ይጠራል።


ሙሉ ክፍት
ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡15

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን 2.8 ወይም 4 ላይ የሚያነሳ ሰው ለምን 1.8 ይገዛል? የዚህ ሌንስ ውበቱ ከኋላ ያለው ነገር ሲቀልጥ ነው። እኔ ከ1.8 ወርጄ አላውቅም፣ ደንበኞቼም የሚወዱት እሱን ነው።


መሐል ነጥብ
ማክሰኞ፣ ቀን 6፡50

ሙሉ ክፍት፣ የምትለው ውበት እውነት ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን የኋላው መቅለጥ የአፐርቸር ሥራ ብቻ አይደለም። ሰውየው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ከቆመ በ1.8ም ግድግዳው ይታያል። ከግድግዳው አምስት ሜትር አውጥተህ ወደ ፊቱ ስትጠጋ በ2.8 እንኳ ይቀልጣል። እኔ ሙሽሮችን መጀመሪያ ከኋላቸው ካለው ነገር አርቄ ነው የማቆማቸው፤ አፐርቸሩን የማስበው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላው፣ ይህ ሌንስ በ1.8 ላይ ትንሽ ጭጋግ መሰል ነገር አለው። ነጭ ነጠላ ከመስኮት ፊት ሲሆን ጠርዙ ላይ ሐምራዊ መስመር ይወጣል፣ የፍሬሙ ማዕዘኖችም ይጨልማሉ። 2.2 ላይ ይሻላል፣ 2.8 ላይ ሌላ ሌንስ ነው የሚመስለው። ለ18-55ህ 50 ላይ ስትሆን ከፍተኛው ክፍተት 5.6 ነው፤ 2.8 ከዚያ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል፣ 1.8 ደግሞ አሥር እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። 18-55ው 1/20 በሚልህ ቤት ውስጥ በ1.8 1/200 ታገኛለህ ማለት ነው። ገንዘብህ የሄደው ለዚህ ነው፤ በ2.8 ስታነሳ የቀረብህ ነገር የለም።

ለጠያቂው፦ ዛሬውኑ ካሜራህን ወደ አንድ ነጥብ ቀይረው። በ1300ዲ መሐለኛዋ ነጥብ ናት ጠንካራዋ፤ ቁሙንም አግድሙንም መስመር የምታየው እሷ ብቻ ናት። በእሷ ወደ አንተ የቀረበውን ዓይን ያዝ፣ ቁልፉን ግማሽ ተጭነህ ቆይ፣ ፍሬምህን አስተካክልና ጨርሰው።


አወይቱ ዳር
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡05

ከመጨረሻው ነገር ጋር አልስማማም እህቴ። መሐሉ ላይ ይዞ ካሜራውን ማዞር በ1.8 ያሳስታል። ፎከስ ማለት ከካሜራው ትይዩ የቆመ ግድግዳ ነው በሉት። ዓይኗን መሐል ላይ አድርገህ በ1.5 ሜትር ያዝክ፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ላይኛው ጠርዝ ለማምጣት ካሜራውን 10 ዲግሪ ስታዘነብል ያ ግድግዳ አብሮ ያዘነብላል፣ ዓይኗም ከግድግዳው ፊት 2.3 ሴንቲ ሜትር ቀርታ ትገኛለች። ጥልቀቱ በአንድ ወገን 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ብለናል። አንተም በመሐል ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከተወዛወዝክ አለቀ።


መሐል ነጥብ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሒሳቡ ልክ ነው፣ አልከራከርም። ግን የዳር ነጥቦቹ በዚህ ካሜራ ደካማ ናቸው፤ ማታ ቤት ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያሉ መያዝ ያቅታቸዋል፣ ሙሽራ ደግሞ አትጠብቅህም። እኔ በዚህ ዓይነት ካሜራ ስሠራ የማደርገውን ልንገራችሁ፦ ሲጨልም መሐለኛዋን ይዤ ትንሽ ብቻ አዞራለሁ፣ ሰፋ አድርጌም አነሳለሁ፤ 18 ሜጋ ፒክስል ስላለው በኋላ ክሮፕ ሳደርገው (ጠርዙን ስቆርጠው) አይጎዳም። ቀን ላይ ብርሃን ሲኖር ግን አንተ እንዳልከው ለዓይኑ የቀረበውን ነጥብ መርጬ ካሜራውን ሳላዞር ነው። አፐርቸሩንም ለምን 2.8 እንደምል አሁን አንተው አስረዳኸው፤ ያን 2.3 ሴንቲ ሜትር ይውጠዋል።


አወይቱ ዳር
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡52

ክሮፑን አላሰብኩትም ነበር። እሱ ያስማማናል።


ኒኮን ከአጋሮ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔ ኒኮን ዲ3200 አለኝ፣ 50 ኤፍ 1.8 ዲ የሚል ሌንስ በርካሽ አገኘሁ። ፎከስ ምንም አይንቀሳቀስም። ተበላሽቶ ነው?


መሐል ነጥብ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡55

አልተበላሸም። ዲ የሚለው ሌንስ በውስጡ ሞተር የለውም፣ የሚያንቀሳቅሰው ካሜራው ነው፤ ዲ3200 ደግሞ ያ ሞተር የለውም። በእጅ እያዞርክ ማንሳት ትችላለህ፤ ሲይዝ በመመልከቻው ውስጥ በግራ በኩል አረንጓዴ ነጥብ ትበራልሃለች። ራሱ እንዲይዝልህ ከፈለግክ መጨረሻው ላይ ጂ የሚል ያለበትን ኤ ኤፍ ኤስ 50 ወይም 35 ኤፍ 1.8 ፈልግ። አጋሮ ቤት ውስጥ የምታነሳ ከሆነ እኔ 35ቱን እመርጥልሃለሁ፤ 50 ለጠባብ ክፍል ሩቅ ነው፣ ጀርባህ ግድግዳ ይነካል።


ጨለማ ክፍል
ረቡዕ፣ ቀን 8፡10

ለጅማው ልጅ አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። ሌንሱና ካሜራው መስማማታቸውን አንተ ራስህ አረጋግጥ እንጂ በሰው ወሬ አትኑር። አምስት የቡና ሲኒ ጠረጴዛ ላይ ደርድር፣ ግን በሰያፍ ይሁን፦ እያንዳንዱ ካጠገቡ ካለው 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ገባ ይበል። ካሜራውን በመጽሐፍ ቁልል ላይ አስቀምጠው፣ አትያዘው። ርቀቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ አፐርቸሩ 1.8፣ ብርሃኑ የቀን። በመሐለኛዋ ነጥብ ሦስተኛዋን ሲኒ ይዘህ አሥር ጊዜ አንሳ፤ በየመሐሉ ቀለበቱን በእጅህ አዙረህ ፎከሱን አዛባው። ከዚያ በስክሪኑ በኩል እያየህ ደግሞ አሥር አንሳ። የቱ ሲኒ እንደጠራ ቁጠር። አበባ ያለበት ሲኒ ይሁን፣ ሜዳ ነጭ ከሆነ የሚይዘው ያጣል።


ጅሬን ላይ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡00

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ውጤቱ ይኸው፦ በመመልከቻው በኩል ካነሳኋቸው አሥሩ ውስጥ ሰባቱ በሦስተኛዋና በአራተኛዋ ሲኒ መካከል ነው የጠሩት፤ የሦስተኛዋ የኋላ ጠርዝ ጥሩ ነው፣ የፊቷ አበባ ግን ትንሽ ደብዝዟል። በስክሪኑ በኩል ያነሳኋቸው አሥሩም ልክ ሦስተኛዋ አበባ ላይ ናቸው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል አሥር እጥፍ አጉልቼ ሳይ ደግሞ የአበባዋ ቀለም የት ላይ እንደተሰነጠቀ ሁሉ አየሁ። በዚህ ሌንስ እንዲህ ያለ ጥራት ይገኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሌላም ነገር አየሁ። የስልክ መብራት አብርቼ በሌንሱ ውስጥ ሳሳልፈው ከኋለኛው መስተዋት ጠርዝ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን ክር አለ። የሸጠልኝ ሰው አንድም እንከን የለውም ብሎኝ ነበር። ይህ ነገር ምንድን ነው?


አወይቱ ዳር
ሐሙስ፣ ማታ 3፡25

ስለ ፎከሱ፦ በመመልከቻው ስታይ ካሜራው የሚለካው በሌላ የፎከስ ሴንሰር ነው፤ በስክሪኑ ስታይ ግን ፎቶውን በሚያነሳው በራሱ ሴንሰር ነው። ስለዚህ በስክሪኑ ልክ ከሆነ ሌንሱ ጤነኛ ነው፣ በሁለቱ መንገዶች መካከል የ2 ሴንቲ ሜትር ያህል ልዩነት ነው ያለው። እንደ 70ዲ ያሉት ካሜራዎች ይህን በሜኑ ያስተካክሉታል፤ 1300ዲ ያ የለውም። አንተ ማድረግ የምትችለው፦ ቁጭ ያለ ሰው ስታነሳ በስክሪኑ ተጠቀም፣ የሚንቀሳቀስ ሲሆን በመመልከቻው ሆነህ 2.8 ላይ ሁን። 2.8 በአንድ ወገን ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይሰጥሃል፣ ሁለቱ ሴንቲ ሜትር በውስጡ ይገባል።


ዝናብ ወዳጅ
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡40

ክሩ ሻጋታ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ የጅማን እርጥበት ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ፤ ማይክሮስኮፖቻችንንም የሚያጠቃቸው እሱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ልብስ በሳጥን ውስጥ የሚሻግትበት ከተማ ውስጥ ሌንስን በቆዳ ቦርሳ ዘግቶ ማስቀመጥ ማለት ለሻጋታው ቤት መሥራት ነው። ቆዳውም ጨርቁም እርጥበት ይይዛሉ።

ጠርዝ ላይ ያለ አንድ ክር ፎቶህን አያበላሽም። እያደገ ወደ መሐል ከመጣ ግን ፎቶው ጭጋግ ይለብሳል፣ ብሎም የመስተዋቱን ሽፋን ይበላዋል፣ ያን ደግሞ ማጽዳት አይመልሰውም። ክዳኑ ጥብቅ ያለ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ግዛ፣ ውስጡ ሲሊካ ጄል ጨምር፣ ሌንሱንም ካሜራውንም እዚያ አሳድር። ከጫማ ካርቶን የሚገኙት ትንንሾቹ ከረጢቶች ብዙ ጊዜ እርጥበት ጠግበው ነው የሚመጡት። ቀለም የሚለውጠውን ዓይነት ካገኘህ ጥሩ ነው፤ ብርቱካንማው ሲጠግብ ወደ አረንጓዴ፣ ሰማያዊው ወደ ሮዝ ይቀየራል። ሲጠግብ አትጣለው፣ 120 ዲግሪ በሚሆን ምድጃ ሁለት ሰዓት ብታደርቀው እንደገና ይሠራል። ሩዝ የሚሉህን አትስማ፣ ዱቄቱ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን አውጥተህ ሥራበት፤ ብርሃንና አየር የሚያገኝ ሌንስ ቶሎ አይሻግትም። የሻገተውን ከንጹሑ ሌንስህ ጋር በአንድ ዕቃ አታሳድር።


ጅሬን ላይ
ዓርብ፣ ማታ 1፡15

ምሳ ዕቃውን ዛሬውኑ ሂርማታ ገበያ ወርጄ ገዛሁ፤ ሲሊካውን እየፈለግኩ ነው። አመሰግናለሁ። አሁን ስለ ምርቃቱ ልጠይቅ። ጋውኑ ጥቁር ነው፣ ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ማታ ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ግብዣ አለ። ምን ልጠንቀቅ?


መሐል ነጥብ
ዓርብ፣ ማታ 2፡30

ጥቁር ጋውን ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ጨለመ ብሎ ያበራዋል፣ የወንድምህ ፊት ከሚገባው በላይ ይነጣል። በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ (ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽን) 2/3 ቀንስ። እናትህ በነጭ የሐበሻ ልብስ ስትሆን ተቃራኒው ነው፤ ካሜራው ነጩን አይቶ ያጨልማል፣ ፊቷ ይጠፋል። 2/3 ጨምር፣ ግን የነጠላው ሽመና እስኪጠፋ ድረስ አይሁን። ሁለቱ አብረው ሲቆሙ ፊታቸውን አይተህ ወስን። በሮው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሳ፣ ትንሽ ብትስት ታስተካክለዋለህ።

ቀትር ላይ 1.8ን እርሳው። አይ ኤስ ኦ 100 ላይ፣ በጠራ ፀሐይ፣ በ1.8 ትክክለኛው ሹተር 1/8000 አካባቢ ነው፤ ካሜራህ 1/4000 ላይ ያበቃል። ፎቶው በእጥፍ ይነጣል ማለት ነው። ወደ ዛፍ ጥላ አስገባቸው፣ ግን በቅጠል መካከል የሚንጠባጠበው ፀሐይ ፊታቸው ላይ እንዳያርፍ እይ። ጥላው ጫፍ ላይ ፊታቸውን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙረህ ብታቆማቸው ከዚያ የተሻለ ብርሃን የለም።

ብዙ ሰው ሲሆን አንዱ ጠርቶ ሌላው እንዳይደበዝዝ፦ በአንድ መስመር ኤፍ 4፣ ሁለት መስመር ከሆኑ 5.6። በየመስመሩ ያሉት ከካሜራው ትይዩ ሆነው ቀጥ ብለው ይቁሙ።

አዳራሹ ላይ፦ ኤል ኢ ዲ መብራት ካለ አንዳንዱ ፎቶ ላይ ጥቁር አግድም መስመር ሊወጣብህ ይችላል። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንዱ ኤል ኢ ዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ነው ብልጭ የሚለው። ሹተሩን 1/100 አድርገው፣ ይጠፋል። ለሚጨፍር ሰው 1/100 ትንሽ ዝግ ያለ ነው፤ ዘፈኑ ሲያበቃ፣ ሲሳሳሙ፣ ሲመረቁ ጠብቀህ ያዝ።


ሙሉ ክፍት
ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡00

ክርክር ካስነሳሁ ይቅርታ። ትናንት አንድ ልጅ ከቦዬ በኩል ባለው መንገድ ዳር አንስቼ በ1.8ም በ2.8ም ሞከርኩት። ከኋላዋ ያለው ሜዳ ሩቅ ስለነበር ሁለቱም ቀልጠዋል፤ በ2.8 ላይ ግን የሁለቱም ዓይኖቿ ሽፋሽፍት ጠርቷል። ጥቂት ፎቶዎቼን ወደ ኋላ ሄጄ ሳይ አንዱ ዓይን ብቻ የጠራባቸው ብዙ ናቸው። ደንበኞቼ በስልክ ስለሚያዩት አልነገሩኝም እንጂ።


ጅሬን ላይ
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ማታ 2፡20

ምርቃቱ እሁድ አለፈ። ቃል የገባሁትን ላድርስ ብዬ ነው የመጣሁት።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሜን ብቻውን ከግቢው ዛፎች ሥር አነሳሁት። ኤፍ 2.2፣ 1/250፣ መሐለኛዋ ነጥብ፣ ከሁለት ሜትር ተኩል ርቀት። ከ30ው 26ቱ ዓይኑ ላይ ናቸው። የጋውኑን ጥቁረት እንዳላችሁኝ 2/3 ቀነስኩ፣ የጨርቁ ሽንሽን ሁሉ ይታያል። ቀትር ላይ እንዴት እንደሚነጣ ላየው ብዬ አንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ በ1.8 ሞከርኩ፤ 1/4000 የሚለው ቁጥር ብልጭ ብልጭ አለ፣ የእናቴ ነጠላ ወረቀት ሆነ። ወዲያው ወደ ጥላ ገባን።

ከሰዓት ቤተሰቡን ይዤ ጅሬን ወጣን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ሰባት ሰዎች በሁለት መስመር፣ ከስድስት ሜትር ርቀት፣ 5.6። ሁሉም ጠርተዋል፣ አያቴ ሳይቀሩ። ከኋላ ያለው የእንጨት ሰገነት ግን በ50ው አልገባልኝም፤ ወደ ኋላ የምሄድበት ስላልነበረ 18-55ውን አውጥቼ ጨረስኩት። ሁለቱንም መያዝ ነበረብኝ፣ መያዜም ጠቀመኝ።

አዳራሹ ውስጥ በ1/200 ያነሳኋቸው ላይ መስመሩ ወጣ፣ ልክ እህቴ እንዳለችው። 1/100 ሳደርገው ጠፋ። አያቴ ወንድሜን ሲመርቁት፣ እጃቸውን ዘርግተው እሱ ጎንበስ ሲል፣ ሦስት አከታትዬ አነሳሁ። ሁለተኛው ጠርቷል።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ፣ ከምርቃቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ እናቴ ጋሼ እንዳሉት በመስኮቱ አጠገብ አፈላችልኝ። አምፖሉን አጠፋሁ። ሁለት ሜትር ርቀት፣ 2.8፣ 1/160፣ አይ ኤስ ኦ 800፣ በስክሪኑ በኩል ፎከሱ ወደ እኔ የቀረበው ዓይኗ ላይ። ቡናው ከጀበናው አፍ ወጥቶ ሲኒው ሳይደርስ መሐል ላይ ቀጭን ሆኖ ቆሟል፣ የእጣኑ ጭስ ከትከሻዋ ኋላ ነው። ፎቶውን ከዚህ በታች አያይዣለሁ።


ጨለማ ክፍል
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

አጉልቼ አየሁት። የግራ ዓይኗ ውስጥ መስኮቱ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፣ የመስኮቱ መስቀለኛ ክፈፍ ሳይቀር። የጥለቱ ጠርዝም ሐምራዊ የለበትም። ስልክ ላይ አታስቀረው ልጄ፣ አሳትመህ ስጣት።


ጅሬን ላይ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡12

እሺ ጋሼ፣ ነገ እወስደዋለሁ። ስንት በስንት ላሳትመው? ሲጎላ እንዳይበላሽብኝ ፈራሁ።


ጨለማ ክፍል
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

ከካሜራህ የወጣውን ሙሉ ፋይል ስጣቸው፣ በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከውን አይሁን፣ እሱ ያንሳል። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ያለምንም ስጋት ይወጣል፤ 30 በ40 ብትለውም ይችለዋል። ወረቀቱ የማያብለጨልጭ ይሁን፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ስትሰቅለው ብርሃን እንዳይመልስባት።